ደንገጎን በየቁራሹ

ጅቡቲ ከተማ፣ ሀራሙስ ሰፈር ውስጥ ባሕሩን ከሚያዩት ቪላዎች በአንዱ የምትሠራው ውቢት ኅዳር ከገባ ጀምሮ ደረጃ መውጣትና መውረድ አበዛች። ልብስ ልታሰጣ ነው እንዳይባል ልብሱ ደርቆ፣ ተተኩሶ፣ ቁም ሣጥን ገብቷል። እሷ ግን ውኃ የሞላ ጄሪካን አንጠልጥላ ከምድር ቤት እስከ ጣራው ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ደግሞ ትወጣለች። የቤቱ ጠባቂ ሙክታር በሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጫቱን እየቀነጠሰ ጥቂት ቀን በትዕግሥት ተመለከታት። በኋላ ግን አላስቻለውም።

«አንቺ፣ ጅኒ ነው ወይስ ማዳም ነች እንዲህ የምታባርርሽ?»

«ደንገጎን እየተለማመድኩ ነው» አለችው ቁና ቁና እየተነፈሰች።

ሙክታር ሳቁን ለቀቀው። የድሬዳዋ ልጅ ነውና ደንገጎን አሳምሮ ያውቀዋል። ድሬዳዋን ቁልቁል የሚያያት ተራራ ነው፤ አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ይወጣዋል፣ ጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣዋል። የታኅሣሥ ገብርኤል ሲደርስ ከድሬዳዋ ተነሥቶ በእግሩ ቁልቢ የሚሄድ ምእመን ሁሉ መጀመሪያ የሚፈተነው እዚያ ነው። ከጫፉ ወዲያ ያለው መንገድ ቢረዝምም እግር ይለምደዋል፤ ሰውን ከመንገድ የሚመልሰው ደንገጎ ነው።

«ደንገጎ እኮ ሴራሚክ አልተነጠፈበትም!» አላት ሙክታር።

እሷ ግን ሁለተኛው ፎቅ ደርሳ ነበር፤ አልሰማችውም። ደግሞስ የት ትለማመድ? ጅቡቲ ሜዳ ናት። ከባልባላ አቀበት በቀር እግር የሚፈትን ነገር የላትም፤ ያንንም ውቢት ዓርብ ዓርብ ስትወጣው ከርማለች።

ነገሩ ስለት ነው። ውቢትና ዘነቡ ጅቡቲ የገቡት በባቡር አይደለም፣ በመኪናም አይደለም፤ ደላላ በረሃ ላይ ጥሏቸው ሄዶ በእግራቸው ነው የገቡት። ከዚያ በፊት አይተዋወቁም። ውቢት ገና ልጅ ነበረች፤ ዘነቡ ደግሞ ልጆቿን ድራ ጎጆ ያስወጣች ሴት። ውኃው ያለቀ ጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው «የቁልቢው ገብርኤል፣ ከዚህ ካወጣኸን ሁለታችንም አብረን ከድሬዳዋ በእግራችን መጥተን ደጅህን እንሳለማለን» አሉ። በማግስቱ የአፋር ግመለኞች ደረሱላቸው። ሁለቱም ተረፉ፣ ሁለቱም ሥራ ያዙ። ዘነቡ ባልባላ አቀበት ላይ ሃያብለ ሰፈር ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይታ በባቡር ድሬዳዋ እየተመላለሰች ትነግዳለች፤ ከዚህ ሳሙናና ጨርቅ ትወስዳለች፣ ከዚያ በርበሬና ሽሮ ታመጣለች። ውቢት ሀራሙስ ተቀጠረች። ስለቱም ቀረ።

መቅረቱ ነው ውቢትን ዕረፍት የነሳት። ሰው ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪውን ለምኖ ቀን ያስረዝማል፤ መልአክን ግን ምን ብሎ? ሳህን ከእጇ ሲያመልጥ ስለቱ ነው፣ የማዳም ልጅ ሲያተኩሰው ስለቱ ነው፣ ሌሊት ብንን ስትል ስለቱ ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲቃረብ ፈቃድ ትጠይቃለች፣ በየዓመቱ ማዳም ራሷን ትነቀንቃለች፤ የፈረንጆቹ በዓል በዚያው ሰሞን ነውና ቤቱ በእንግዳ ይጥለቀለቃል። በ1996 ዓ.ም. ግን ማዳም ምን እንደነካት አይታወቅም፣ እሺ አለች። ቁርጥ ያለች እሺ ናት፤ ለንግሡ ሄዳ፣ ከአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ በፊት በሚመለሰው ባቡር መመለስ አለባት።

ውቢት ፈቃዷን ባገኘች ዓርብ ሮጣ ሃያብለ ሄደች። ዘነቡ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ በርበሬ በላስቲክ እየቋጠረች አገኘቻት።

«እትዬ ዘነቡ! እሺ አለች! ማዳም እሺ አለች!»

«እልል በይ እንጂ ታዲያ» አለች ዘነቡ፤ እልልታው ግን ከራሷም አልወጣ። የበርበሬ ላስቲኳን ማሠር ቀጠለች።

ውቢት ቁጭ አላለችም። ወለሉ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ዕቅዷን አወረደችው። ማታ ከድሬዳዋ ይነሣሉ፣ ከሰው ጋር ተቀላቅለው ደንገጎን በሌሊቱ ይወጣሉ፣ ሳያርፉ በቀጥታ ቁልቢ ይገባሉ። መቀመጥ የለም፣ መተኛት የለም።

«ደንገጎ ጫፍ ላይ ብናድርስ?» አለች ዘነቡ ቀና ሳትል። «ተራራውን ለሁለት ብንከፍለው። ከመሀሉ አረፍ፣ ከጫፉ አደር። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ዕንቁላል ስለት የለበትም!»

«እኔ ግን ጉልበት አለብኝ። ይኸው ብርድ መቶት አላስቀምጥ አላስነሣ ብሎኛል።»

«ጅቡቲ ውስጥ ምን ብርድ አለ እትዬ ዘነቡ? አድረን ከተነሣን ንግሡ አልፎ ባቡሩም ጥሎኝ ይሄዳል። ባቡሩ እንደሆነ በየቀኑ አይነሣ። ባቡሩ ካመለጠኝ ሥራዬም አመለጠኝ። ደግሞ መንገድ እየተቆራረሰ ስለት ይባላል እንዴ? ነይ ተነሽ፣ ዛሬ ባልባላን አንድ ጊዜ እንውጣት፣ ጉልበትሽ ይፍታታል።»

ዘነቡ ዛሬ በርበሬው አለብኝ አለች። የሚቀጥለው ዓርብ ደንበኛ ይመጣብኛል አለች። በሦስተኛው ዓርብ ውቢት ብትመጣ በሩ ተቆልፎ አገኘችው፤ ጎረቤት ወደ ገበያ ሄዳለች አላት። ውቢት አቀበቱን ብቻዋን ወጥታ ብቻዋን ወረደች። እየወረደች ሳለ አንድ ክፉ ሐሳብ ገባባት። ዘነቡ ስለቱን ትታዋለች። በረሃው ሲርቅ ገብርኤልም ራቀ። የቸኮለ ሰው መጥፎውን ለማመን ጊዜ አይፈጅበትም፤ ውቢትም አቀበቱን ወርዳ ሳትጨርስ አምና ጨረሰች።

የመሄጃው ሳምንት ሲደርስ አርሂባ ሰፈር ሄደች። እዚያ ወደቡ አጠገብ የሐበሻ ሾፌሮች የሚበሉበት አንድ ምግብ ቤት አለ። ጀንበሬ የሚባል የተሳቢ መኪና ሾፌር ዘወትር እዚያ ይገኛል፤ የእርዳታ ስንዴ ከወደብ ጭኖ በአዋሽና በቁልቢ ዞሮ ድሬዳዋ የሚያራግፍ፣ ሰውን ሁሉ የሚያውቅ፣ አፉ ውስጥ ነገር የማያድር ሰው ነው። ውቢት የመጣችው በበዓሉ ሰሞን መንገዱ ምን እንደሚመስል ልትጠይቀው ነበር።

«በእግር?» አላት ጀንበሬ ጥብሱን እያላመጠ። «የናንተ ነገር ይገርመኛል። እኔ ደንገጎን በሞተር ስወጣው ነፍሴ ትወጣለች። እትዬ ዘነቡም እንዳንቺው ናት። ልጫንሽ ብላት መቼ እሺ ብላኝ!»

«የቷ ዘነቡ?»

«ስንት ዘነቡ አለች? ያንቺዋ ናታ። ደንገጎ ላይ እኮ ስንቴ አገኘኋት! አንዴ ከታች ኩርባው ላይ፣ አንዴ ድልድዩ ጋ። ነጠላዋን አደግድጋ ብቻዋን ትወጣለች። ስመለስ ደግሞ በዚያው ቦታ ቁልቁል ስትወርድ አገኛታለሁ። አሁን በቅርቡ ደግሞ መንገድ ዳር ዘርፈጥ ብላ አገኘኋት፤ እግሯ እምቢ ብሏታል። ወደ ላይ ላድርስሽ ስላት አለቀሰችብኝ። ወደ ላይ በመኪና አልወጣም አለች። መኪናዬን አዙሬ ወደ ታች ወሰድኳት፤ ምን ላድርግ?»

ውቢት ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። ጀንበሬ የሆነ ነገር እንዳበላሸ ሲገባው ጥብሱን ወደ እሷ ገፋ አደረገና «ብይ እንጂ» አላት። እሷ ግን በሩን አልፋ ሄዳለች።

ሃያብለ ድረስ በእግሯ ሄደች። ታክሲ ጥሩምባ ነፋላት፣ ሚኒባስ ቆመላት፣ አላየቻቸውም። የአምቡሊን ደረቅ ወንዝ ተሻገረች፣ አቀበቱን ወጣች፤ ያን ሁሉ ሳምንት ያለማመደችው እግሯ አሁን ንዴቷን ይዞላት ይበር ነበር። እኔ ማዳምን ስለማመጥ ዘነቡ ስለቷን ስትከፍል ኖራለች! አብረን ብለን በገብርኤል ፊት የተሳልነውን ብቻዋን! እየመጣሁ ነው ባቡሩ ዘገየብኝ ስትል የነበረው፣ ሸቀጥ ተሸክሜ ነው ያመመኝ ስትል የነበረው ሁሉ ውሸት! ውቢት እንዲህ ተናዳ አታውቅም፤ ደላላው በረሃ ላይ ጥሏቸው የሄደ ቀን እንኳ እንዲህ አልተናደደችም።

ዘነቡ እግሯን ዘርግታ ጉልበቷን በሻሽ ጠቅልላ ተቀምጣለች።

«ደንገጎን ጨርሰሽዋል አሉ» አለቻት ውቢት በሩ ላይ ቆማ።

ዘነቡ ቀና ብላ አየቻት። «ያ አፈኛ ጀንበሬ ነው» አለች። አልካደችም።

«እኔን ጥለሽኝ?»

«ግቢና ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም! አብረን አልነበር? አብረን ብለን አልነበር? ቀኔ የማዳም ነው፣ ሌሊቴ የማዳም ልጆች ነው፤ እትዬ ዘነቡ፣ ይቺ መንገድ ብቻ ነበረች የኔ። አንቺ ደግሞ ሸቀጥ እየነገድሽ በጎን…»

«በጎን አይደለም» አለች ዘነቡ። «በቁራሽ ነው።»

ከዚያ ነገረቻት። ጉልበቷ ድሮም ደካማ ነው፤ ደንገጎን በአንድ ትንፋሽ እንደማትወጣው ገና በመጀመሪያው ዓመት ገብቷታል። ስለዚህ ድሬዳዋ በሄደች ቁጥር ቀፊራ ገበያ በርበሬዋን ገዝታ ስታበቃ አንድ ቀን ትቆያለች። በሚኒባስ ባለፈው ያቆመችበት ቦታ ድረስ ትሄድና ትወርዳለች። ከዚያ ጉልበቷ የፈቀደላትን ያህል ትወጣለች፤ አንዱን ጊዜ እስከ ኩርባው፣ ሌላውን ጊዜ እስከ ድልድዩ፣ በሌላው እስከ ቁልቋሉ። የደረሰችበትን ቦታ ልብ ብላ ትይዝና በሚኒባስ ትመለሳለች። በሚቀጥለው ጉዞ ከዚያው ትጀምራለች። ተራራውን እንደ ደረቅ ዳቦ በየጊዜው እየቆረሰች በላችው።

«እና ስትወርጂ ያየሽ?» አለች ውቢት። «ጀንበሬ እኮ ወጥተሽ ደግሞ በእግርሽ ስትወርጂ አይቼሻለሁ ብሎኛል። ስለቱ መውጣት ነው። መውረዱ ምንድነው?»

ዘነቡ ሻሿን ፈትታ እንደገና ጠቀለለችው።

«ልደግመው ነዋ» አለች በመጨረሻ። «አንዷን ቁራሽ ሁለቴ ነው የምወጣት። አንድ ጊዜ ለኔ፣ አንድ ጊዜ ላንቺ። ማዳምሽ በየዓመቱ እንቢ ስትልሽ አየሁ። በየዓመቱ ስትከሺ አየሁ። ይቺ ልጅ መቼም አትለቀቅም አልኩ።»

ውቢት በሩን ተደገፈች።

«መጀመሪያ ያንቺን ነበር የምወጣው» አለች ዘነቡ። «የራሴን ካስቀደምኩ ደክሞኝ እንደምመለስ አውቃለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ፤ ለራሴ ሲሆን ሰነፍ ነኝ። ያንቺን አስቀድሜ በወለተ ጊዮርጊስ ስም እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ከዚያ የኔን። ጉልበቴን የጨረሰው መውጣቱ እንዳይመስልሽ። መውረዱ ነው።»

ወለተ ጊዮርጊስ የውቢት የክርስትና ስም ነው። ጅቡቲ ውስጥ ይህን ስም የሚያውቅ ሰው የለም። ውቢት ራሷ ለመጨረሻ ጊዜ ከአፏ ያወጣችው በረሃው ውስጥ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቆ ነበር፤ ብሞት ለፍትሐት ይሆናልና ለቄስ ንገሪልኝ ብላ ለዘነቡ ነግራታለች። ዘነቡ ያን ጊዜ «አትሞቺም፣ ዝም በይ» ብላት ነበር። ስሙን ግን ይዛው ኖራለች።

«የንስሐ አባትሽን ጠይቀሻቸዋል?» አለች ውቢት። «በሰው እግር ስለት ይደርሳል ወይ ብለሽ?»

«አልጠየቅኩም።»

«ለምን?»

«አይደርስም ቢሉኝስ? ያን ሁሉ ወጥቼ!»

ውቢት ሳታስበው ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ ሳያልቅ ልቅሶው መጣ፤ ሁለቱም እየተቀባበሉ ወለሉ ላይ አስቀመጧት። ዘነቡ ትኩር ብላ ካየቻት በኋላ እሷም አንዴ ሳቅ፣ አንዴ ዓይን ማበስ ጀመረች። ጎረቤቶች ምን ሆኑ ብለው በሩ ላይ ብቅ ብለው ሄዱ።

«ያንቺስ አልቋል?» አለች ውቢት ስትረጋጋ።

«ያንቺ አልቋል። እስከ ጫፉ።»

«ያንቺ ነው ያልኩሽ።»

ዘነቡ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። ከዚያ እንደዋዛ ለማለት እየሞከረች፣ የመጨረሻዋን ቁራሽ ለውቢት እንደወጣቻትና ለራሷ ልትደግማት ስትወርድ ጉልበቷ መሀል ላይ እንደከዳት ነገረቻት። ጀንበሬ መንገድ ዳር ያገኛት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት ሄዳለች። ሐኪሙ እንኳን ተራራ ይህን የሃያብለን ኮረብታም ተጠንቀቂ ብሏታል።

«ምንም አይደል» አለች። «ትንሽ ናት። ገብርኤል ይቅርታ ያደርግልኛል።»

ውቢት ግን ተነሥታ እንደ ልማዷ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀምራለች። «ከየት ነው የቀረሽ?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ከየት ነው?»

«ከድልድዩ በላይ። አንድ ትልቅ ቁልቋል አለ፣ ግማሹ የደረቀ። ከእሱ እስከ ጫፉ።»

«ንገሪኝ ደግመሽ። በቀኝ ነው በግራ?»

ዘነቡ ደግማ ነገረቻት፤ ውቢትም ደግማ ጠየቀቻት። ከዚያ ቆመችና አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ከታች እጀምራለሁ» አለች። «የኔን በኔ እግር እወጣለሁ፤ አንቺ ብትወጪልኝም አልቀርም፤ ይኼን ያህል ዓመት የጠበቅኩት መንገድ ነው። ጫፉ ላይ አድራለሁ። ጠዋት ቁልቋሉ ድረስ እወርድና ያንቺን ቁራሽ እወጣለሁ። ከዚያ በሁለታችንም ስም ቁልቢ።»

«አድራለሁ? አንቺ? መንገድ እየተቆራረሰ ስለት ይባላል እንዴ ያልሽው ማን ነው?»

«ይባላል።»

«ንግሡ ያልፍሻል።»

«ገብርኤል ወር በገባ በአሥራ ዘጠኝ አለ። የትም አይሄድም።»

«ባቡሩስ? ማዳምስ?»

ውቢት ወደ በሩ ዞረች። ዘነቡ ድጋፍ ፍለጋ ግድግዳውን ይዛ ልትነሣ ሞከረች። «እኔ እኮ አልጠየቅኩሽም!» አለች በቁጣ።

«እኔስ ጠይቄሽ ነበር?» አለች ውቢት።

ለማዳም እውነቱን ነገረቻት። ዘግይታ እንደምትመለስ፣ ለዋዜማው እንደማትደርስ፣ ባወቀችው ፈረንሳይኛ ቀጥ አድርጋ ተናገረች። ማዳም መጀመሪያ የሰማችው ነገር ስህተት መሰላት። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ለእንግዶቹ ካልደረሰች ሌላ ሰው እንደምትቀጥር አስረዳቻት። ውቢትም «ዳኮር፣ ማዳም» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ፈርታለች፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ሥራ ጅቡቲ ውስጥ እንደ ጠጠር ከመሬት አይነሣም። ቢሆንም የነበራትን ልብስ ሁሉ አጠፈች፣ ክረምትና በጋ ሳትል፣ አንድም ሳታስቀር። ሙክታር ሻንጣዋን ተቀብሎ እስከ ትልቁ መንገድ ሸኛት። በዚያን ቀን አልቀለደባትም። «ጠዋት ጠዋት ውጪው፣ ፀሐይ ሳይበረታ» ብሏት ተመለሰ።

ባቡር ጣቢያው በሰውና በጆንያ ተጨናንቋል። ሴቶች ዕቃቸውን በመስኮት ያስገባሉ፣ ፖሊስ ይጮኻል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ዘነቡ አትምጪ ብትባል ዱላ ተደግፋ መጥታለች። ውቢት መስኮቱ አጠገብ ቦታ አግኝታ መቀመጥ ግን አልቻለችም፤ ትቆማለች፣ ትቀመጣለች፣ ጎረቤቷን ትረግጣለች፣ ይቅርታ ትላለች። በስተመጨረሻ ግማሽ አካሏን በመስኮቱ አውጥታ ወደ ታች አጎነበሰች።

«እትዬ ዘነቡ! በማን ስም ነው የምወጣልሽ?»

«ምን?»

«የክርስትና ስምሽን አላውቀውም እኮ! አንቺ የኔን ታውቂያለሽ፣ እኔ ግን ያንቺን ጠይቄሽ አላውቅም!»

ዘነቡ ዙሪያዋን አየች። ሰው ሁሉ የሚሰማት መስሏት አፈረች፤ እንደ ልጃገረድ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚያ ስም የጠራት የለም፤ ጅቡቲ ከገባች ወዲህ ደግሞ ለገበያው ሰው ዘነቡም ሆና አታውቅም፣ ባለበርበሬዋ ናት።

«ሥርጉተ ማርያም» አለች ቀስ ብላ።

«አልሰማሁም!»

ባቡሩ ተንገጫገጨና መሄድ ጀመረ። ዘነቡ በዱላዋ ሁለት ሦስት እርምጃ ተከተለችው። «ሥርጉተ ማርያም!» ብላ ጮኸች፤ ጣቢያው ሁሉ ዞሮ አያት።

ውቢት ሰማች። እንዳይጠፋባት በከንፈሯ ደገመችው። ከዚያ አንገቷን በመስኮቱ አስግጋ፣ ነፋሱ ፀጉሯን እየበተነው፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ተጣራች።

«ሥርጉተ ማርያም!»

ዘነቡም መድረኩ ላይ ቆማ፣ ዱላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «አቤት!» አለች።